መገልበጥ ኃጢአት ነው ወይ?

በአገራችን የኮምፒውተር ነገር ሲነሳ የምንጠቀምባቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኮምፒውተር ስታክ ያደርጋል፤ ቫይረስ ይገባበታል፤ ፎርማት ይደረጋል፤ ዊንዶውስ ይጫንበታል። በቃ። የተጫነውን ነገር ማን እንደሠራው፣ በማን ፈቃድ እንደተጫነ፣ ውሉ ምን እንደሚል የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። የሚጭነው ልጅ የእጁን ዋጋ ይቀበላል፤ እኛም ላፕቶፓችንን በብብታችን ሸጉጠን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ገዛን? አልገዛንም። ሰረቅን? እንደዚያ ብሎ የሚያስብ የለም። ተዋስን? ማንስ አዋሰን! ገለበጥን፣ ያ ነው እውነቱ። መገልበጥ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የምናውቀው ሥራ ነው።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝ። ለዓመታት ያስተማርኩት ስለ ቅኔና ስለ ልቦለድ እንጂ ስለ ማሽን አይደለም። ሆኖም ባለፈው ዓመት ላፕቶፔን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ካዛወርኩ ወዲህ ይህ የመገልበጥ ጉዳይ አልለቅ አለኝ። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሰው መቼም «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» በሚለው ብሂል ነው የሚኖረው። እኔ ግን ከሰይጣኑ ጋር ጠብ ሳይኖረኝ መልአኩን ለማየት ጓጓሁ። ካየሁት በኋላም አዲሱን ቤቴን ማን እንደሠራው፣ ለምንስ በነጻ እንደሚሰጥ ማወቅ አማረኝ። ታሪኩን ሳገላብጥ ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ። «በእኛ» ካላልኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት ምን ማለት ነው? የግብር አዳራሽ አጋፋሪ ማለት ነው። የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደሚስተናገድ፣ የትኛው ፋይል የት እንደሚቀመጥ፣ ፕሪንተሩ ለማን እንደሚታዘዝ የሚወስነው እሱ ነው። አጋፋሪው ያላስገባው እንግዳ ከበር ይመለሳል። ስለዚህ አጋፋሪው የማን ሰው እንደሆነ ማወቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ኮምፒውተር ክፍል በሚያህልበት በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ሶፍትዌር ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም ማለት ይቻላል። ትልቁ አምራች አይቢኤም ማሽኑን ሲያከራይ ወይም ሲሸጥ ፕሮግራሙን አብሮ ይሰጥ ነበር። ደንበኞቹም በ1955 «ሼር» የሚባል ማኅበር አቋቁመው የጻፏቸውን ፕሮግራሞች ይለዋወጡ ጀመር። የማኅበሩ ስም ራሱ «ማካፈል» ማለት ነው።

ከዚያ 1969 መጣ። በዚያ ዓመት አይቢኤም ሶፍትዌርን ከማሽኑ ነጥሎ ለብቻው ዋጋ እንደሚያወጣለት አስታወቀ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ቤል ላብስ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሥራት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን ደግሞ በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል ሕፃን ተወለደ። ይህን በልቦለድ ጽፎ ያመጣልኝ ተማሪ ቢኖር ኖሮ «ግጥምጥሞሹ በዛ፣ ቀንሰው» እለው ነበር።

ዩኒክስ የቤል ላብስ ባለቤት የሆነው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ንብረት ነበር። ይሁንና ኩባንያው በ1956 ከመንግሥት ጋር በገባው የፍርድ ቤት ስምምነት ከስልክ ውጪ ባለ ንግድ እንዳይሰማራ ታግዶ ስለነበር ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ገበያ ማውጣት አልቻለም። ለዩኒቨርሲቲዎች በትንሽ ክፍያ፣ ከነምንጭ ኮዱ ሰጣቸው። ምንጭ ኮድ ማለት ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችለው የፕሮግራሙ ጽሑፍ ነው። መምህራኑም ተማሪዎቹም አነበቡት፣ አረሙት፣ ጨመሩበት። በ1984 ኩባንያው በሕግ ሲከፋፈል እገዳው ተነሳለትና ዩኒክስ ሙሉ በሙሉ ገበያ ወጣ። ትናንት በክፍል ውስጥ ይነበብ የነበረው ጽሑፍ በአንድ ጊዜ የንግድ ምስጢር ሆነ።

በዚህ መሐል፣ በፌብሩዋሪ 1976፣ የ20 ዓመቱ ቢል ጌትስ አንድ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር አልቴር ለተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ያዘጋጁት የቤዚክ ፕሮግራም በየክበቡ እየተገለበጠ ይታደል ነበር። ወጣቱ ተቆጣ። ከአልቴር ባለቤቶች ፕሮግራሙን የገዙት ከ10 በመቶ እንደማይሞሉ፣ ያገኙት ገቢም ለደከሙበት ሰዓት ቢካፈል በሰዓት ከ2 ዶላር በታች እንደሚሆን አስልቶ ገለባጮቹን በግልጽ ሌቦች አላቸው። እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ ማናናቅ ይከብዳል። መጽሐፉ በታተመ በሳምንቱ በፒዲኤፍ ሲታደል የሚያይ የአገራችን ደራሲ የጌትስን ቁጣ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። የጻፈ ሰው መብላት አለበት።

ሌላ ቁጣ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ራሱ ደጋግሞ እንደሚተርከው፣ የነገሩ መነሻ አንድ ፕሪንተር ነው። ለላብራቶሪው የድሮ ፕሪንተር፣ ወረቀት ሲነክስ ተጠቃሚውን የሚያሳውቅ ማሻሻያ ጽፎለት ነበር። ከዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ሲመጣ ግን ምንጭ ኮዱ አብሮ አልመጣም። ኮዱ በእጁ ወዳለ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ሰውየው ለማንም ላለማካፈል መፈረሙን ነግሮ ባዶ እጁን ሸኘው። ስቶልማንን ያስቆጣው ዋጋው አልነበረም፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ እንዳያካፍል በፊርማ መታሰሩ ነበር። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያነበው፣ ሊለውጠውና ሊያካፍለው የሚችል «ግኑ» የተባለ ሙሉ ሥርዓት ሊሠራ መነሳቱን አስታወቀ። በ1985 የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን አቋቋመ፤ በ1989 ደግሞ ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ የሚባለውን ውል አወጣ።

እዚህ ላይ የቋንቋ ሰው ስለሆንኩ ትንሽ ልቁም። ስቶልማን በእንግሊዝኛው ቃል ምክንያት ዕድሜ ልኩን ሲያስረዳ ኖሯል፤ ቃሉ «ያለ ክፍያ» ማለትም «አርነት ያለው» ማለትም ነውና። የሚገርመው የእኛም «ነጻ» ያንኑ ሁለት ጭነት ተሸክሟል። «በነጻ ወሰድኩት» ስንል ገንዘብ አልከፈልኩም ነው፤ «ነጻ ወጣሁ» ስንል ደግሞ ሌላ። ስቶልማን የሚለው ሁለተኛውን ነው። ነጻ ሶፍትዌር በገንዘብ ሊሸጥ ይችላል፤ የማይቻለው የገዛውን ሰው አንብቦ እንዳይረዳው ወይም እንዳያካፍለው ማሰር ነው።

ይህን ውል ሳነብ ትዝ ያለኝ የብራና መጽሐፍ ነው። በገዳማቱ ያሉትን ድርሳናትና ተአምራት ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ በመጽሐፉ ዳር ወይም መጨረሻ ላይ ያስጻፈው ሰው ስም፣ የጻፈው ሰው ስምና የጸሎት ልመና ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግዝትም አለው፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል። ልብ በሉ፤ ግዝቱ መጽሐፉን በሚሰርቀው ላይ ነው እንጂ ቃሉን በሚገለብጠው ላይ አይደለም። እንዲያውም መገልበጥ የጽድቅ ሥራ ነበር። ጸሐፊው በነጻ አልሠራም፤ የብራናውና የድካሙ ዋጋ ይከፈለዋል። የሚከፈለው ግን ለእጁ እንጂ ለቃሉ ባለቤትነት አይደለም። የስቶልማን ፈቃድም በአሠራሩ ከግዝት ብዙ አይርቅም። ውሰድ፣ ለውጥ፣ ስጥ፤ ስትሰጥ ግን አንተ የተሰጠህን መብት ለሚቀጥለው አትከልክል ይላል። ከልክለህ ከተገኘህ ፈቃዱ ይፈርስብሃል።

ራሳችንን ብቻ እያመሰገንን እንዳንሄድ ደግሞ ሌላው ባህላችንም ይነሳ። የመድኃኒቱን ቅጠል ስም ለልጁ እንኳ ሳይነግር የሚሞት አዋቂ ስንቱ ነው? ምስጢሩን ይዞ መቃብር የሚወርድ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ወጌሻ ስንቱ ነው? ሁለቱም የእኛ ናቸው፤ ገልብጦ የሚያካፍለው ጸሐፊም፣ ሰውሮ የሚሞተው መድኃኒተኛም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1990 ገደማ ግኑ ብዙው ነገሩ ተሟልቶ ልቡ ብቻ ጎድሎት ነበር። ልቡ የምለው ባለሙያዎቹ ከርነል የሚሉትን፣ ከማሽኑ አካል ጋር በቀጥታ የሚነጋገረውን ክፍል ነው። ያን ጊዜ የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በአዲሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይመራመር ነበር። መነሻው አንድሪው ታነንባም የተባሉ የአምስተርዳም ፕሮፌሰር ለማስተማሪያ የሠሩት ሚኒክስ ነው። ኦገስት 25 ቀን 1991 ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች ባሰራጨው መልእክት፣ ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን፣ ግን ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል እንደሆነና እንደ ግኑ ትልቅ እንደማይሆን ገለጸ። ስሙን «ፍሪክስ» ሊለው አስቦ ነበር፤ ፋይሉን በሰርቨር ላይ ያስቀመጠለት ባልደረባው አሪ ለምኬ ነው «ሊኑክስ» ብሎ የሰየመው። የመጀመሪያው ቅጂ ወደ 10,000 መስመር ገደማ ነበር። በ1992 በስቶልማን ፈቃድ ሥር ካወጣው በኋላ ግን ከየአገሩ ሰዎች ይጨምሩበት ጀመር። ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ነው። በዓለም ፈጣን ከሚባሉት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ሊኑክስ የማይጠቀም አንድም የለም። በኪሳችን የያዝነው አንድሮይድ ስልክም ልቡ ሊኑክስ ነው። ብዙዎቻችን ታዲያ ሳናውቀው ከተዛወርን ቆይተናል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችስ? በ2001 የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን ካንሰር ብለውት ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ ተተኪያቸው ሳትያ ናዴላ ኩባንያቸው ሊኑክስን እንደሚወድ በአደባባይ ተናገሩ። አይቢኤም ደግሞ በ2019 ሬድ ሃት የተባለውን ድርጅት በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሬድ ሃት የሚኖረው በዋናነት ሊኑክስን እያዘጋጀ፣ ለድጋፉና ለአገልግሎቱ በማስከፈል ነው። ለእጁ ይከፈለዋል እንደ ጸሐፊው። በ1969 ሶፍትዌርን ነጥሎ መሸጥ የጀመረው አይቢኤም ልክ በ50 ዓመቱ ይህን ሁሉ ገንዘብ ለዚህ አወጣ።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። የጀርመን ከተማ ሙኒክ በ2003 የማዘጋጃ ቤቱን ኮምፒውተሮች ወደ ሊኑክስ ለማዛወር ወስና በ2013 ሥራውን አጠናቀቀች። ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ተዛወሩ። በ2017 ግን ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ድምፅ ሰጠ። በዚያችው አገር ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የተባለው ክፍለ ግዛት ደግሞ 30,000 ያህል የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ወደ ነጻ ሶፍትዌር እንደሚያዛውር በ2024 አስታወቀ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ሲያበቃም፣ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት የማያሟላ የቆየ ማሽን ያላቸው ብዙ ሰዎች ይህንኑ በር ማንኳኳት ጀምረዋል።

ለአፍሪካዊ አንባቢ አንድ ስም ሳልጠቅስ አላልፍም። ማርክ ሻትልወርዝ የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ ድርጅቱን በ1999 ሸጦ ሀብታም ሆነ፤ በ2002 ጠፈር ደርሶ ተመለሰ፤ በኦክቶበር 2004 ደግሞ «ኡቡንቱ» የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት አወጣ። ቃሉ የደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ቃል ነው፤ ሰው በሰው ሰው ይሆናል ከሚለው ሐሳብ የመጣ። እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በፖስታ፣ ያለ ክፍያ ይልኩ ነበር።

እኔ ወደ ሊኑክስ የገባሁት በዚሁ በኡቡንቱ በኩል ነው። ያስገባኝ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ ተምሮ በኮምፒውተር ጥገና የሚተዳደር ልጅ። «መምህር፣ ሳንጭነው መጀመሪያ ከፍላሹ ላይ ይሞክሩት፤ ካልወደዱት ፍላሹን ይነቅሉታል፣ የነበረው እንደነበረ ነው» አለኝ። ሁለት ቀን ሞከርኩት፤ በሦስተኛው ቀን ተጫነ። ጽሑፌን የምጽፈው ሊብሬ ኦፊስ በሚባለው ነው። ሁሉም ነገር አልጋ ሆነልኝ አልልም። አንዳንድ ፕሪንተር አኩርፏል። በየቢሮው የሂሳብ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ፒችትሪም፣ የግራፊክስ ሰዎች የለመዷቸው ፕሮግራሞችም ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። በእነዚህ እንጀራውን የሚበላ ሰው አስቦ ይግባ።

ለእኛ አገር ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። አውሮፓ ውስጥ «ሊኑክስ የፈቃድ ወጪ ይቀንሳል» ሲባል ክርክሩ ሚዛን ይደፋል። እኛ ዘንድ ግን ዊንዶውሱም የሚገኘው በነጻ ነው፤ ክራክ ተደርጎ! የዋጋ ክርክር እዚህ ሰው አያሳምንም። በእኛ 1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ እኩል ይጠብቃል፤ አዋጁን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚቀረን የዋጋው ሳይሆን የሁለተኛው «ነጻ» ክርክር ነው። በእጃችን ያለውን ነገር አንብበን መረዳት፣ ማረም፣ ለልጅ ማውረስ እንችላለን ወይ?

ይህ ጥያቄ ለእኔ ወረቀት ላይ የቀረ ጥያቄ አይደለም። በእኛ 1989 እና 90 ጎጃም ውስጥ ከአዛውንቶች ተረትና የለቅሶ ግጥም እየሰበሰብኩ በኮምፒውተር እጽፍ ነበር። ያን ጊዜ የአማርኛ ፊደል የጋራ ቁጥር አልነበረውም። እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ‹ሀ›ን እንደ ልቡ ከአንዱ የላቲን ምልክት ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የምልክት ድርድር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የጋራ ቦታ ያገኘው በ1999 ሲሆን፣ ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ባለሙያዎች ብዙ ደክመውበታል። የእኔ ፋይሎች ግን ከዚያ በፊት የተጻፉ 18 ፋይሎች ነበሩ።

የድሮ ተማሪዬና እኔ ከእነዚያ ጽሑፎች ተርፎ የተገኘ አንድ የታተመ ገጽ ከአንዱ ፋይል ጎን አስቀመጥን። ይህ ምልክት ‹ለ›፣ ያኛው ‹መ› እያልን ሰንጠረዥ ሠራን። አንዳንዱ ፊደል በሁለት ምልክት የተሠራ ነበር፤ ግንዱ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ። ቀደም ባለው ዘመን ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ሲሠሩ የተጋፈጡት ችግር ይኸው ነበር፤ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት። ልጁ በሰንጠረዡ መሠረት አጭር ፕሮግራም ጻፈ። በሁለት ቅዳሜ 11ዱ ፋይሎች ተነበቡ። ከ27 ዓመት በኋላ የአንዲት እናት ሙሾ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ዝም አልኩ።

ሰባቱ ግን አልተከፈቱም። እነሱ የተቀመጡት በጽሕፈት ፕሮግራሙ በራሱ የተቆለፈ አሠራር ነው። ፕሮግራሙ ዛሬ የለም፤ ምንጭ ኮዱ የት እንዳለ የሚያውቅ አላገኘንም። ግጥሞቹን የነገሩኝ አዛውንቶች በሕይወት የሉም። የመድኃኒተኛው ነገር ማለት ይህ ነው፤ የቅጠሉን ስም ይዞ ሄደ። ይህን ሥራ በዊንዶውስም ልንሠራው እንችል ነበር፤ ጉዳዩ ዊንዶውስና ሊኑክስ አይደለም። ጉዳዩ የአንድን ሕዝብ ቃል አንድ ሰው ብቻ በሚያውቀው ቁልፍ መቆለፉ ነው።

አሁን ይህን የምጽፍበትን ኪቦርድ ተመልከቱ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ አማርኛን በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጅተው ለሁሉም ክፍት አድርገው ነበር። ትንሹ ‹ቲ› ‹ት› ይሆናል፣ ትልቁ ‹ቲ› ‹ጥ›። ያን ሥርዓት ሌሎች ሰዎች፣ ኢትዮጵያን አይተው የማያውቁ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ወደ ሊኑክስ ገለበጡት። ዛሬ በኡቡንቱዬ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስመርጥ የማገኘው እሱኑ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የተሠሩ ሁለት ነገሮች፣ አንዱ ተቆልፎ ሰባት ፋይል ይዞብኝ ቀረ፤ ሌላው ተገልብጦ እነሆ ጣቴ ሥር አለ።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ፣ በእኛ፣ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞችን የሠራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በአዲስ አበባም በአሜሪካም ያላችሁ፣ ለፊደላችን ባለውለታ ናችሁ። ያን ጊዜ ዋጋ ማስከፈላችሁ መብታችሁ ነበር፤ ማንም አይወቅሳችሁም። ዛሬ ግን ገበያው አልፏል። ኮዱ በአሮጌ ፍሎፒ ዲስክ ወይም በመሳቢያ ውስጥ ካለ አውጡትና ልቀቁት፤ የፊደል ሰንጠረዡ ብቻ እንኳ ቢሆን። በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በየዕድሩ ቃለ ጉባኤ፣ በየቤቱ የአባት ማስታወሻ የእናንተን ቁልፍ እየጠበቀ ነው። ስማችሁን እንደ ጥንቱ ጸሐፊ መጨረሻው ገጽ ላይ ጻፉት፤ የሚፍቀው የተወገዘ ይሁን። የሚገለብጠውን ግን ተዉት፣ ይገልብጥ።